አንጻራዊ እርጥበት ምንድን ነው? የዴንቨር ደረቅ ቤትና የአዲስ አበባ በጋ

በአሜሪካ ኮሎራዶ ዴንቨርና አውሮራ የሚኖር ሰው ብርዱ ሲገባ የሚያውቃቸው ምልክቶች አሉ። ጠዋት ጉሮሮ ደርቆ ይነሳል፤ ልጆች ይነስራቸዋል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፤ የበር እጀታ ሲነካ ኤሌክትሪክ ጣትን ቆንጠጥ ያደርጋል። «አየሩ ደረቀ» ይባልና ሂዩሚዲፋየር፣ ማለትም አየር የሚያረጥብ ማሽን፣ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ለውጥ አይታይም፤ ወይ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመስኮቱ ጥግ ይሻግታል። ሁለቱም የሚመጡት አንዲት ቁጥር በትክክል ሳትታወቅ ስትቀር ነው፤ እሷም አንጻራዊ እርጥበት ትባላለች።

አንጻራዊ እርጥበት ማለት አየር ውስጥ አሁን ያለው የውሃ ተን፣ አየሩ በዚያው ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ስንት በመቶ እንደሆነ የሚነግር ቁጥር ነው። ዋናው ነገር «በዚያው ሙቀት» የሚለው ሐረግ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበዛ 4.8 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል። በ10 ዲግሪ 9.4 ግራም፣ በ20 ዲግሪ 17.3 ግራም፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ 23 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ «50 በመቶ» ብቻውን ስንት ውሃ እንዳለ አይናገርም። በ0 ዲግሪ 50 በመቶ የሆነ አየር 2.4 ግራም ውሃ ሲኖረው፣ በ25 ዲግሪ 50 በመቶ የሆነው ግን 11 ግራም ተኩል አለው።

ይህን ይዘን ወደ ዴንቨር ቤት እንመለስ። ውጭው 0 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ነው እንበል። በሜትር ኩብ 2.9 ግራም ውሃ አለ ማለት ነው። ይህ አየር በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል፤ ሂተሩ ወደ 20 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ 68 ፋራናይት ያሞቀዋል። ውሃው ያው 2.9 ግራም ነው፤ አየሩ ግን አሁን 17.3 ግራም መያዝ ስለሚችል ቁጥሩ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። ብዙ ሰው «ሂተሩ እርጥበቱን ያቃጥለዋል» ይላል፤ ሂተሩ አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ አላጠፋም። የተለወጠው የአየሩ የመያዝ አቅም ነው። ያንኑ አየር 24 ዲግሪ (75 ፋራናይት) ድረስ ቢያሞቁት ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ያሽቆለቁላል። ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው መፍትሔ ደግሞ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፦ ቴርሞስታቱን (የሂተሩን ሙቀት መቆጣጠሪያ) ዝቅ ማድረግ።

አንዳንዱ ድርቀቱን ከከፍታው ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚጠግበው የውሃ ተን መጠን የሚወሰነው በሙቀት እንጂ በከፍታ ስላልሆነ፣ ከላይ ያሉት ቁጥሮች በሁለቱም ከተማ ይሠራሉ።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለቤት ውስጥ የሚመክረው ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። ከ50 በላይ ሲሆን አለርጂ የሚቀሰቅሱት የፍራሽና የምንጣፍ ጥቃቅን ተባዮች ይመቻቸዋል፤ 60 ካለፈ ሻጋታ ይከተላል። በዴንቨር የብርድ ወራት እኛ የምንመክረው 35 በመቶ አካባቢ ነው። 50ን ማሳደድ ስህተት ነው፤ ምክንያቱ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

መጀመሪያ መለካት

የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ርካሹ ግን በቀላሉ 5 እና 10 በመቶ ይሳሳታል። ስለዚህ በገበታ ጨው ይፈተሻል። የውሃ ጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጨው ይሙሉ፤ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ብቻ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨምሩ። ጨው ሟሙቶ ፈሳሽ ብቻ ከቀረ ውሃው በዝቷል፤ ጨው ይጨምሩ። ክዳኑንና መለኪያውን ሳይነካኩ አንድ የሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያኑሯቸው፤ ከረጢቱን አሽገው ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ክፍል ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ያቆዩት። እርጥብ ጨው በ20 እና በ25 ዲግሪ መካከል በዙሪያው ያለውን የታፈነ አየር 75 በመቶ ላይ ያረጋዋል። መለኪያው 69 ካነበበ 6 ያንሳል ማለት ነው፤ ያንን ቁጥር ጀርባው ላይ ይጻፉና ሁልጊዜ ይደምሩ። ከዚያ መኝታ ክፍል ውስጥ ከሂተሩ አየር መውጫ፣ ከመስኮትና ከምድጃ አርቀው ያስቀምጡት። መስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠ መለኪያ የቀዝቃዛውን ጥግ እንጂ የክፍሉን አየር አይነግርዎትም።

ስንት ውሃ ያስፈልጋል?

60 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው አፓርታማ 150 ሜትር ኩብ አየር አለው። በ20 ዲግሪ እርጥበቱን ከ17 ወደ 37 በመቶ ለማንሳት በሜትር ኩብ 3 ግራም ተኩል ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው ግማሽ ሊትር ገደማ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቤት ይተነፍሳል። በየሰዓቱ ግማሹ አየር በውጭ አየር ቢተካ፣ በሰዓት 260 ግራም ማለትም በቀን ከ6 ሊትር በላይ ውሃ መተካት አለበት። ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ምንም ያልለወጠው ትንሽ ማሽን ምስጢሩ ይህ ነው። ሂተር ላይ የሚቀመጠው የውሃ ሳህንም እንደዚሁ ነው፤ በክፍል ሙቀት ከተራ ሳህን በቀን የሚተነው ከአንድ የቡና ሲኒ እምብዛም አይበልጥም።

ስለዚህ ውሃ ከመጨመር በፊት የሚያፈስበትን መድፈን ይቀድማል። በበሩ ግርጌ መጥረጊያ ላስቲክ፣ በመስኮት ዙሪያ የስፖንጅ ቴፕ፣ የመብራት ሶኬት በውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ ከሽፋኑ ሥር የሚገባ ስስ ስፖንጅ። ንፋስ ባለበት ቀን እጅዎን አርጥበው በስንጥቁ ላይ ቢያሳልፉ የሚገባው አየር ቀዝቀዝ ብሎ ይታወቅዎታል።

ቀጥሎ ቤት ውስጥ ራሱ የሚፈጠረውን እንፋሎት መጠቀም ነው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ገደማ ውሃ ይለቃል፤ ሦስት ሰው በ8 ሰዓት ወደ 1 ሊትር ይደርሳል። ከማጠቢያ ማሽን የወጣ አንድ ዙር ልብስ ተጨምቆም 2 ሊትር ገደማ ውሃ ይዟል፤ ማታ ሳሎን ውስጥ ቢሰጣ ጠዋት ደርቆ ይገኛል፣ ውሃውም አየሩ ውስጥ ነው። ገላ ከታጠቡ በኋላ በሩን መክፈትም ይረዳል። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቀን ከአክንባሎው ሥር የሚወጣው እንፋሎት ለደረቀ ቤት በረከት ነው፤ መለኪያው ከ30 በታች ከሆነ ከምድጃው በላይ ያለውን የጭስና የእንፋሎት መሳቢያ ፋን ሳይከፍቱ ይጋግሩ። በርበሬ ሲታመስ፣ ቅመም ሲቆላ ወይም በጋዝ ምድጃ ሲበሰል ግን መሳቢያው ይከፈት። ያ ጭስና የተቃጠለ ጋዝ ነው፤ እርጥበት ለማትረፍ ተብሎ አይታፈንም። በጋዝ የሚሠራ የልብስ ማድረቂያን ቱቦ ወደ ቤት ውስጥ ማዞርም ፈጽሞ አይሞከርም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ያስገባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ካልተነሳ ያኔ ማሽን ይገዛል። ሦስት ዓይነት አለ። አልትራሶኒክ የሚባለው ውሃውን በንዝረት ሰባብሮ እንደ ጉም ይረጨዋል። ድምፅ የለውም፣ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለውን ማዕድን ሁሉ አብሮ ይበትናል። ጥቁር ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ነጭ ዱቄት እሱ ነው፤ ሳንባ ውስጥም ይገባል። ይህን ዓይነት የሚጠቀም ሰው ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ማዕድኑ የወጣለት ውሃ፣ መግዛት አለበት፤ በቀን 6 ሊትር ሲሆን ሸክሙንም ወጪውንም ያስቡት። ሁለተኛው ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ወይም ወረቀት ላይ በፋን አየር የሚነፋው ነው። ማዕድኑ ስፖንጁ ላይ ስለሚቀር የቧንቧ ውሃ ይበቃዋል። በተጨማሪም ክፍሉ እየረጠበ ሲሄድ ትነቱ በራሱ ይቀንሳል። ሦስተኛው ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚለቅ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ለአንድ ሊትር 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፣ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ያቃጥላል። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው። ጉድለቱ ስፖንጁ በማዕድን ደድሮ ውሃ መሳብ ማቆሙ ነው። ማሽኑ እየሠራ የውሃው መጠን ካልጎደለ ስፖንጁ ሞቷል፤ ይቀየር።

የትኛውም ቢሆን ካልጸዳ ባክቴሪያና ሻጋታ አራቢ ይሆናል። የተረፈው ውሃ በየቀኑ ይደፋል፣ ገንዳው ተወልውሎ ይደርቃል። በየሦስት ቀኑ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ተቀላቅሎ ለግማሽ ሰዓት ይቆይበታል፤ በብሩሽ ይፈተግና በደንብ ይለቀለቃል። አቼቶው የኖራውን ቅርፊት ያነሳል። በረኪና ለመጠቀም የሚፈልግ ሰው አቼቶው ጨርሶ ሳይታጠብ እንዳይጨምር፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

መስኮቱ ሲያልበው

20 ዲግሪና 40 በመቶ የሆነ አየር 6 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይጠግባል፤ ከዚያ የቀዘቀዘ ማንኛውም ነገር ላይ ውሃ ያቆራል። 50 በመቶ ከሆነ ደግሞ 9 ዲግሪ ላይ ይጠግባል። ውጭው ከዜሮ በታች ሲወርድ የመስኮት መስታወት፣ በተለይ የአሉሚኒየም ፍሬሙ፣ ከዚህ በታች ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የሚፈቀደው እርጥበት ከውጭው ብርድ ጋር ይወርዳል፦ ውጭው ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሲሆን ከ30 በመቶ ብዙም አይለፉ፤ ከዜሮ በታች 18 ሲሆን 25 ይበቃል። ጠዋት መስታወቱ ጥግ ላይ ውሃ ካዩ ይጥረጉና ማሽኑን 5 በመቶ ዝቅ ያድርጉ። የማይታየው ቦታ ግን ይበልጥ ያሳስባል፦ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ቁም ሣጥንና አልጋ ጀርባ። ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያርቋቸው።

በሙቀቱ ወራት ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ የቆየ የዴንቨር ቤት የሚቀዘቅዘው ውጭውን አየር በእርጥብ ስፖንጅ ስቦ በሚያስገባ ስዋምፕ ኩለር ነው። ይህ መሣሪያ ራሱ እርጥበት ስለሚጨምር ሂዩሚዲፋየሩ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይቀመጣል። መስኮት ገርበብ ሳይል ከሠራ ቤቱ ይታፈናል። የሰደድ እሳት ጭስ ባለበት ቀን ደግሞ ጭሱን ይዞ ይገባልና ይጠፋ።

አዲስ አበባ በበጋ

አዲስ አበባ ላይ ሂሳቡ ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ በሂተር አይሞቅም። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ማለዳ 9 ዲግሪና 80 በመቶ የሆነ አየር 7 ግራም ውሃ አለው። ያው አየር ቀትር ላይ 23 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 34 በመቶ ይወርዳል፤ ማታ ተመልሶ ይነሳል። ድርቀቱ የቀን ነው፣ የሚያልፍም ነው። ስለዚህ በበጋ አፍንጫና ጉሮሮ የሚያስቸግረው ነዋሪ ሂዩሚዲፋየር ከመግዛቱ በፊት አቧራውንና ጭሱን ይመልከት። ወለል ከመጠረጉ በፊት ውሃ ማርከፍከፍ የቆየና ትክክለኛ ልማድ ነው። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ደግሞ ይበልጣል፤ ደረቅ መጥረጊያ ደቃቁን አቧራ ከመሬት አንስቶ ለሰዓታት አየር ላይ ያንሳፍፈዋል። መንገድ ዳር ያለ ቤት መኪና በሚበዛበት ሰዓት መስኮቱን ዘግቶ፣ መንገዱ ጭር ሲል ቢከፍት ይሻለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ከሰሉ ነው። ማታ ብርድ ሲሆን የቡናው ምድጃ ቤት ውስጥ ይቆይና በርና መስኮት ይዘጋል። «ከሰሉ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ ምንም አይልም» የሚለው እምነት ሰው ይገድላል። የቀላ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ውሃ ማርከፍከፍም ሂዩሚዲፋየርም አይቀንሰውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ቤቱ ውስጥ ካሉት ከአንድ በላይ ሰዎችን አብሮ ከያዘ ወዲያው ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ሕክምናም ይፈለግ። ከሰሉ ውጭ ይያያዝ፤ ቡናው ሲፈላ በሩና በትይዩ ያለው መስኮት ክፍት ይሁኑ። ዕጣኑ ፍም ላይ ሲጨመር ክፍሉ በጭስ እንዳይታፈን በጥቂቱ ይሁን። ሦስተኛው ተጠጥቶ ሲያበቃ ምድጃው ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ለሙቀት ተብሎ መኝታ ቤት አይግባ።