ከሎማ እስከ ሞአብ በማውንቴን ባይክ፦ ስለ ኮኮፔሊ መንገድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የኮኮፔሊ መንገድ በአሜሪካ የሚገኝ የማውንቴን ባይክ (የተራራ ብስክሌት) መንገድ ሲሆን፣ ከኮሎራዶ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ሎማ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ተነስቶ ዩታ ውስጥ ሞአብ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ 142 ማይል ወይም 228 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የአካባቢው የማውንቴን ባይክ ማኅበር ከመንግሥት የመሬትና የደን መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ የድሮ የጂፕ መንገዶችንና ቀጫጭን ዱካዎችን አገናኝቶ ከፈተው። መነሻው የኮሎራዶ ወንዝን የሚያዋስን በረሃ ነው። መሐሉ ቀይ ገደልና አሸዋ ሲሆን፣ ወደ መጨረሻው የላ ሳል ተራሮችን ትከሻ ይዞ እስከ 2,600 ሜትር ገደማ ይወጣና 1,230 ሜትር ላይ ወዳለችው ሞአብ ይወርዳል። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባቸው ከዴንቨርና ከኦሮራ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ አራት ሰዓት ያህል ይነዳል፤ መነሻው ያለው የጎዳናው 15ኛ መውጫ ላይ ነው።

አብዛኛው ሰው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። መሐል ላይ አቋርጦ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ያሸነፈው የእግር ድካም አይደለም። ቤቱ ሆኖ ዕቃውን ሲያዘጋጅ ያመነው አንድ የተሳሳተ ነገር ነው።

«መንገዱ ወንዝ ተከትሎ ስለሚሄድ ውሃ አያሳስብም»

ካርታ ላየ ሰው እውነት ይመስላል። መሬት ላይ ግን መንገዱ የሚሄደው በገደሉ አናት ነው፤ ወንዙ ከታች ሲያብረቀርቅ ይታያል እንጂ አይቀዳም። በደህና የሚወረድባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፦ ዌስትዎተር፣ ሲስኮ አካባቢ ያለው የጀልባ ማረፊያና ዲዊ ድልድይ። በመካከላቸው ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ማለፍ ግድ ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። በሙቀት ሲነዳ አንድ ሰው በሰዓት ከ0.7 እስከ 1 ሊትር ይፈልጋል። ሰባት ሰዓት ኮርቻ ላይ ከተዋለ ከ5 እስከ 7 ሊትር ሆነ ማለት ነው። ለራትና ለቁርስ ማብሰያ 1.5 ሊትር ጨምሩበት። በቀን 8 ሊትር ብላችሁ ተነሱ። ይህ 8 ኪሎ ክብደት ነውና ጀርባ ላይ ከተጫነ በሁለተኛው ቀን መቀመጫው ይቆስላል፣ ትከሻም ይዝላል። አራቱን ሊትር በፍሬሙ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከታች አስቀምጡ፤ ሁለቱን በፊት ሹካው ግራና ቀኝ እሰሩ፤ ጀርባ ላይ ከሁለት ሊትር አይብለጥ። ሁሉንም በአንድ ከረጢት መያዝ ግን አደገኛ ነው። ከረጢቱ በድንጋይ ከተበሳ የቀኑ ውሃ በአንድ ጊዜ አሸዋ ይጠጣዋል።

የኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ደግሞ በተለይ በረዶ በሚቀልጥበት በጸደይ እንደ ሻይ በወተት ነው። ማጣሪያውን በቀጥታ የነከረ ሰው ከሁለትና ከሦስት ሊትር በኋላ ማጣሪያው ይደፈንበታል። መጀመሪያ ውሃውን በሚታጠፍ ባልዲ ቀድታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት፤ ጠዋት ዝቃጩን ሳታናውጡ ከላይ ያለውን ቅዱና አጣሩ። ጊዜ ከሌለ በወንዝ ላይ የሚጓዙ ሰዎች የሚጠቀሙበት አልም የሚባል ነጭ ዱቄት አለ፤ ከቅመማ ቅመም መደብር ይገኛል። ለ4 ሊትር የሻይ ማንኪያ አንድ ስምንተኛ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ አማስሉ፣ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አገር ቤት የተወቀጠ የሽፈራው ፍሬ ድፍርስ ውሃ የሚያጠራውም በዚሁ መንገድ ነው፦ ደቃቁን ጭቃ እርስ በርሱ አያይዞ ያከብደውና ወደ ታች ያወርደዋል። ከዚህ በኋላም ውሃው መጣራት ወይም መፍላት አለበት፤ ጠራ ማለት ከጀርም ነጻ ሆነ ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ በመኪና ዲዊ ድልድይና የላ ሳል መንገድ ዳር ውሃ ማስቀመጥ ነው። ስሱ የፕላስቲክ ጠርሙስ አይሆንም፣ አይጥ ይበሳዋል። ጠንካራ ጀሪካን ተጠቀሙ፤ ስምና የምትወስዱበትን ቀን ጻፉበት፤ ሲያልቅ ጀሪካኑን ይዛችሁ ተመለሱ።

«ብዙ ውሃ የጠጣ ምንም አይሆንም»

ይህ አመለካከት ከጥማት የማያንስ ጉዳት ያደርሳል። ላብ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውም ይዞ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥንና ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሲብስም ግራ ይጋባል። ጓደኞቹ «ውሃ አነሰው» ብለው ይጨምሩለታል፣ ይብስበታል። መለያው ይህ ነው፦ የተጠማ ሰው ሽንቱ ጥቂትና ጠቆር ያለ ነው፤ ጨው ያነሰው ሰው ብዙ ጊዜ ውሃ የመሰለ ሽንት ይሸናል፣ ጣቶቹም ያብጡና ቀለበቱ ይጠብቀዋል። እንዲህ ካያችሁ ተራ ውሃውን አቁማችሁ ጨው የበዛበት ሾርባ ስጡት። ንግግሩ ከተወላገደ ግን የነፍስ አድን ጥሪ ሳይዘገይ መደወል አለበት።

መከላከያው ቀላል ነው፤ በአንድ ሊትር ውሃ የሻይ ማንኪያ ሩብ ጨው 600 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ይሰጣል፣ ትንሽ ስኳርና ሎሚ ሲታከልበት ለመጠጣት ይመቻል። ከያዛችሁት ውሃ ግማሹን እንዲህ አዘጋጁ፣ ግማሹ ተራ ይሁን።

«ያደግኩት ደጋ ነው፣ ከፍታ አይበግረኝም»

አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ ናትና የላ ሳል ከፍታ ለልጅነት ሳንባ አዲስ አይደለም። ነገር ግን ሰውነት ለከፍታ ያበዛውን ቀይ የደም ሴል ቆላ ሲወርድ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሰዋል። ቨርጂኒያ ወይም ዱባይ ዓመት የኖረ ሰው ያው እንደ ማንም ቆለኛ ነው። ለዚህ መንገድ ከከፍታው ይልቅ ሙቀቱን መልመድ ይቀድማል፦ ከመነሳት በፊት ከ10 እስከ 14 ቀን በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል በቀትር መንዳት።

«ዲዊ ድልድይ ከተደረሰ ግማሹ ድካም አለቀ»

በኪሎ ሜትር ከሆነ ድልድዩ መሐል ገደማ ነው። በድካም ግን ከዚያ በኋላ ያለው ከሞላ ጎደል እጥፍ ነው፤ ከ1,260 ሜትር ተነስቶ የጉዞው ጣሪያ ላይ የሚደረሰው በዚሁ ግማሽ ነው። ያውም ዳገቱ አንድ ወጥ አይደለም። ብዙ ተወጥቶ ሮዝ ጋርደን ሂል በሚባለው የልቅ ድንጋይ ቁልቁለት ወደ ፊሸር ሸለቆ መልሶ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ስሙ የጽጌረዳ ኮረብታ ቢሆንም ብዙው ሰው ብስክሌቱን እየገፋ ነው የሚወርደው፣ እንዲያ ማድረጉም ትክክል ነው። አራት ቀን ከያዛችሁ ለመጀመሪያው ግማሽ አንድ ቀን ተኩል፣ ለሁለተኛው ሁለት ቀን ተኩል መድቡ። በድንጋያማው ክፍል ዕረፍትን ጨምሮ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስሉ።

(የድሮ ካርታ ለያዘ፦ በ1916 እ.ኤ.አ. የተሠራው አሮጌው የተንጠልጣይ ድልድይ በ2008 እ.ኤ.አ. በእሳት ወድሟል፤ የሚሻገሩት አጠገቡ ባለው የመኪና ድልድይ ነው።)

«ቱብለስ (ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ) ጎማ አይተነፍስም»

አገር ቤት በባዶ እግሩ የሮጠ ሁሉ ኩርንችትን ያውቀዋል። ያ ተክል አሜሪካ ገብቶ የፍሩታንና የሎማን መንገድ ዳር ሞልቶታል። ፍሬው ሲደርቅ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል እንዴትም ቢወድቅ አንዱ እሾህ ወደ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ብስክሌቱን በጠጠሩ ዳር አትግፉ፤ አንሱት።

ቱብለስ እሾህን የሚችለው ውስጡ ያለው ደፋኝ ፈሳሽ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው። በበረሃ አየር ቶሎ ይደርቃል። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ለ29 ኢንች ጎማ፣ 2.4 ስፋት ላለው፣ በእያንዳንዱ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር አዲስ ጨምሩ። እሾሁን ነቅላችሁ አየር ማፏጨት ከጀመረ ቀዳዳውን ወደ ታች አዙራችሁ ጥቂት ቁሙ፤ ፈሳሹ ወደዚያ ተጠራቅሞ ይደፍነዋል። የአየሩ መጠን 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከነጭነቱ ፊት ከ22 እስከ 24፣ ኋላ ከ25 እስከ 27 ፒኤስአይ ይበቃል። ከዚህ ካነሰ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል፣ ከበዛ ደግሞ ጎማው አሸዋ ላይ ይሰምጣል።

ፈሳሹ የማይችለው የጎማው ጎን በስለታም ድንጋይ ሲቀደድ ነው። ጎማውን ፈትታችሁ ቅዱን በወፍራም መርፌና በጥርስ ማጽጃ ክር ስፉት፣ ከውስጥ ጠንካራ ላስቲክ አስደግፉ፣ ከዚያ ካላማዳሪ አስገቡ። ካላማዳሪውን ከማስገባታችሁ በፊት ግን የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣት ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። ሁለት ሳምንት ፈሳሹ ደፍኖ የያዛቸው አምስትና ስድስት የኩርንችት ጫፎች እዚያው ተሰክተው ይገኛሉ፤ ሳይነቀሉ ከቀሩ አዲሱን ካላማዳሪ መቶ ሜትር አያስኬዱትም።

«ጥቂት ዝናብ በረሃውን ያቀዘቅዘዋል»

ራቢት ቫሊና ሲስኮ አካባቢ ያለው ግራጫ አፈር ሲረጥብ ዋልካ ነው። ጥቂት ሜትር እንደተነዳ ጎማውና ፍሬሙ መካከል ይሞላና ቸርኬው መዞሩን ያቆማል። ያኔ በፔዳል ያስገደደ ሰው የኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚንጠለጠልባትን ትንሽ ብረት ይሰብራል፤ ብረቷ እንደ ብስክሌቱ ሞዴል ስለምትለያይ መንገድ ላይ አትገኝም። አንድ ትርፍ ከዴንቨር ገዝታችሁ ያዙ፣ ዋጋዋ ትንሽ፣ ክብደቷም የለም። ዝናብ ከጣለ ቁሙ። ፀሐይ ከወጣ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ጭቃውን በእንጨት ፋቁት፤ የመጠጥ ውሃ አታፍስሱበት።

በዝናቡ ወራት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አይተከልም። እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የጣለው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

«ሻንጣው ከታሰረ ታሰረ»

ከፊትና ከኋላ መንጠሪያ (የጉብታን ንዝረት የሚያረግብ ክፍል) ያለው ብስክሌት ላይ ይህ ስህተት ሻንጣ ያስበላል። ከኮርቻው ሥር የሚታሰረው ሻንጣ ቤት ቆሞ ሲታይ ከጎማው ርቆ ነው፤ መንጠሪያው ሲታመቅ ግን ጎማው ይደርስበታል። የኋላ መንጠሪያውን አየር ሙሉ በሙሉ አስወጡ፣ ኮርቻው ላይ ተጫኑና ጎማው ሻንጣውን ይነካ እንደሆነ ተመልከቱ። ከነካ ሻንጣውን ቀንሱ ወይም ከፍ አድርጉ። ከዚያ አየሩን መልሳችሁ ከነሙሉ ጭነቱ ስትቀመጡበት ከመንጠሪያው ርዝመት ከ25 እስከ 30 በመቶ ብቻ እንዲወርድ ሙሉት። ያለ ጭነት የተስተካከለው ልክ ለዚህ አይሠራም።

ካቴናው ላይ ደግሞ ወፍራም ዘይት አይፈስም፤ አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ብረቱን ይበላዋል። ለደረቅ መሬት የሚሆነውን፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ፣ ማታ አድርጋችሁ ጠዋት በጨርቅ ጥረጉ።

«ቁልቁለት ዕረፍት ነው»

ከላ ሳል በሳንድ ፍላትስ መንገድ ወደ ሞአብ የሚወርደው ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬን የሚቃጠልበትም እዚያ ነው። ፍሬኑን ሳይለቁ በቀስታ ይዞ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል፣ ግን ሸራውና ዲስኩ የሚበርዱበት ጊዜ ያጣሉ። ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ እንደገና መያዝ ነው ትክክሉ። ለጭነት የብረት ቅልቅል ያለበት ሸራ ይሻላል። ሁለት ጥንድ ትርፍ ያዙ፤ አዲስ ሸራ ከገባ በኋላ ሃያ ጊዜ ያህል ፈጠን ብሎ እየነዱ ሳይቆሙ ፍጥነቱን በፍሬን ማብረድ ያሟሸዋል።

«ልዩ የስፖርት ምግብ ካልተገዛ አይቻልም»

በሶ ይበቃል። 100 ግራም በሶ 70 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፣ አንድ ሰው በሰዓት የሚያስፈልገው 60 አካባቢ ነው። ስኳርና ጨው ጨምራችሁ በጠርሙስ በጥብጡት። ጭኮ ለጠዋትና ለተራራው ብርድ ጥሩ ነው፤ በቀትር ሙቀት ቅቤው ይቀልጣል። ቆሎ ማታ ይበላል፣ በደረቀ አፍ ግን አይዋጥም።

የጸደዩ ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ በዚህ በረሃ መንዳት አይሞከርም፤ ከፋሲካ በኋላ ወይም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጥ። የላ ሳል አናት በሚያዝያም በረዶ ሊይዝ ይችላል።

«በረሃ ሞቃት ነው፣ ከባድ መኝታ አያስፈልግም»

ቀን የጋለው አሸዋ ሌሊት ሙቀቱን በፍጥነት ይለቃል፤ ተራራው ላይ ደግሞ በጸደይም ሆነ በመጸው ዜሮ ዲግሪ ይደርሳል። እስከ 5 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል የመኝታ ከረጢት ያዙ። ስልኩንና የውሃ ማጣሪያውን ከእናንተ ጋር እዚያው ከረጢት ውስጥ አሳድሯቸው። ስልክ በብርድ ባትሪው ያልቃል። የተጠቀማችሁበት ማጣሪያ ደግሞ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ከሆነ ቃጫው ይሰነጠቃል፤ ጠዋት ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፣ ውሃም ያሳልፋል፣ ጀርሙን ግን አይዝም። ከረጢቱ ውጭ ያደረ ማጣሪያ ካለ ያን ቀን ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ።