ስለ አትላንቲክ ሃሪኬን ግምት በብዛት የምሰማቸው ስህተቶች

የአትላንቲክ የሃሪኬን (ሞቃት ውቅያኖስ ላይ የሚበረታ ከባድ አውሎ ነፋስ) ወቅት በጁን 1 ይጀምርና በኖቬምበር 30 ያበቃል። ሊገባ ሲል ሁሉም ተንባይ ይሆናል። አንዱ “ዘንድሮ 20 አውሎ ነፋስ ነው” ይላል፤ ሌላው “12ም አይሞላ”። ሂዩስተንና ፍሎሪዳ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሰምተው ስለሚዘናጉ ዝም ማለት አልቻልኩም። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

“ቁጥሩ ካነሰ ዓመቱ ሰላም ነው።”
በፍጹም! 1992 ጭር ያለ ዓመት ነበር። የመጀመሪያው ባለ ስም አውሎ ነፋስ (ጉልበቱ ጠንክሮ ስም የሚሰጠው) የመጣው ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው። እሱም አንድሩ ነበር። ኦገስት 24 ደቡብ ፍሎሪዳን በምድብ 5፣ ማለትም በመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ፣ ጉልበት መታ፤ ሆምስቴድ ከተማን ፍርስርሷን አወጣት። በ2010 ደግሞ 12 ሃሪኬን ተፈጥሮ፣ አንዱም ሃሪኬን እንደሆነ አሜሪካ ምድር ላይ አላረፈም። የወቅቱ ቁጥር የት እንደሚመታ አይነግርም።

“ኦገስት ጭር ካለ አለቀ።”
በ2022 ኦገስት ላይ አንድም ባለ ስም አውሎ ነፋስ አልተፈጠረም። ሴፕቴምበር 28 ግን ሃሪኬን ኢያን ፍሎሪዳ ገባ።

“ውሃው ከሞቀ በቃ፣ ሃሪኬን መምጣቱ አይቀርም።”
ሙቀት ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ደረቅ አየር ሃሪኬኑን ያፍነዋል፤ ታችና ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከተለያየ ይበጣጥሰዋል። በ2013 የአሜሪካ መንግሥት ባለሙያዎች ከ7 እስከ 11 ሃሪኬን ጠብቀው የመጣው 2 ነው።

“ነገሩ የሚጀምረው ውቅያኖስ ላይ ነው።”
ይሄኛው እኛን በቀጥታ ይነካል። ብዙዎቹ ኃይለኛ ሃሪኬኖች የሚነሱት ከአፍሪካ ወደ ምዕራብ ከሚጓዝ የአየር ሞገድ ነው። የ2000ውን ሃሪኬን አልቤርቶ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተከትለው የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ደረሱ። በክረምቱ ተራራው ላይ የተከመረው የነጎድጓድ ደመና በሱዳን አድርጎ አህጉሩን አቋርጧል። ከዚያ አትላንቲክ ላይ ሃሪኬን ሆነ። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ የሐምሌን ነጎድጓድ እንደ ድሮው አልሰማውም።

“ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተማችንን እንደሚመታ ካርታው ያሳያል።”
ማያሚ ያለው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል እንኳ የአንድን አውሎ ነፋስ መንገድ የሚተነብየው ለ5 ቀን ነው። ያ ካርታ የአንድ ሞዴል (የአየር ሁኔታን በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም) የአንድ ጊዜ ስሌት ነው። በማግስቱ ያንኑ ሞዴል ክፈቱት፤ ማያሚ ላይ የነበረው አውሎ ነፋስ ሜክሲኮ ሄዶ፣ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። እባካችሁ፣ ሳታጣሩ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። አዲስ አበባ ያለች እናት ልጇን እያሰበች እንቅልፍ ታጣለች።