«ድሮፕ» ምንድን ነው? የባቱ ክብደት አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ ሳንጀምር አንዲት እናት አዲስ ባት (የሶፍትቦል መምቻ ዱላ) ይዛ መጣች። ልጇ 11 ዓመቷ ነው። «ኮች፣ ድሮፕ 10 ነው። ሁሉም ድሮፕ 10 ግዢ ስላሉኝ ነው» አለችኝ። ባቱን ተቀብዬ አየሁት። 33 ኢንች ነው። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ቁመቷ ገና ደረቴ ጋ ነው። ሦስት ጊዜ አወዛወዘችው። በሦስተኛው እሷ ባቱን ሳይሆን ባቱ እሷን ይዞ ዞረ።

እናትየዋን አልወቅስም። የተነገራትን ነው የገዛችው። የሚያናድደኝ የተነገራት ነገር ነው። እኔ በማሠለጥንበት በሜሪላንድ አካባቢ ሴት ልጆቻቸውን ሶፍትቦል (የቤዝቦል ዘመድ የሆነ ጨዋታ) የሚያስመዘግቡ የኛ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ወላጆች ጨዋታውን ልጅ ሆነው አልተጫወቱትም። ስለዚህ ምክር ይጠይቃሉ፤ የሚመጣላቸው ምክር ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። «ድሮፕ ስንት?»

ድሮፕ ማለት የባቱ ርዝመት በኢንች፣ ሲቀነስ ክብደቱ በአውንስ ነው። 33 ኢንች ሆኖ 23 አውንስ የሚመዝን ባት ድሮፑ 10 ነው። ባቱ ላይ -10 ተብሎ ይጻፋል። ትርጉሙ ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህ ቁጥር ክብደት አይደለም። ልዩነት ነው። 28 ኢንች ሆኖ ድሮፕ 10 የሆነ ባት 18 አውንስ ይመዝናል፤ 510 ግራም ገደማ። 33 ኢንች ሆኖ ድሮፕ 10 የሆነው ደግሞ 23 አውንስ ነው፤ 650 ግራም ገደማ። ሁለቱም «ድሮፕ 10» ናቸው። አንዱ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ለሃይስኩል ተጫዋች። ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳችሁ «ከቁመቴ ላይ ኪሎዬ ሲቀነስ 105 ነው» ብትሉት ምኑን ለክቶ ይቆርጣል? ቁመቱን ሳትነግሩት ቁጥሩ ምንም አይሠራለትም።

በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ በልበ ሙሉነት ሲያስረዳ ሰማሁ። «ልጃችሁ ስትጠነክር ከድሮፕ 10 ወደ ድሮፕ 12 አሳድጓት» ይላል። የተገላቢጦሽ ነው። ርዝመቱ እኩል ከሆነ ድሮፕ 12 ከድሮፕ 10 ሁለት አውንስ ይቀላል። ልጅቷ ስትጠነክር የምትሄደው ወደ 9 ወይም ወደ 8 ነው። ይህን ስህተት ግን ይቅር ልለው እችላለሁ። የመቀነስ ምልክት ሁሉንም ሰው ያምታታል።

ይቅር ያላልኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። «ከተጠራጠራችሁ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ እውነቱ እዚያ ላይ አለ» አለ። የለም!

መጥረቢያ እንውሰድ። እንጨት የፈለጠ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። መጥረቢያውን በእጀታው ጫፍ ያዙና ብረቱን ወደ ፊት አድርጋችሁ በአግድም ለማወዛወዝ ሞክሩ። ክንዳችሁን ይጎትተዋል። ለማስነሳት ይከብዳል፤ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ለማቆም ይከብዳል። አሁን ገልብጡት። ብረቱ ሥር ያዙትና እጀታውን አወዛውዙት። እንደ አርጩሜ ይፏጫል። መጥረቢያው ግን ያው ነው። ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት አንድ ግራም አልቀነሰም። የተለወጠው ክብደቱ ከእጃችሁ ያለው ርቀት ነው።

በእኛ ሙያ ይህን የስዊንግ (የማወዛወዝ) ክብደት እንለዋለን። ባቱ «አልዞርም» የሚልበት እምቢታ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚለካውም ባቱን ከታችኛው ጫፉ 6 ኢንች ከፍ ብሎ ባለ ነጥብ ላይ አንጠልጥሎ በማወዛወዝ ነው፤ ተጫዋቿ የምትጨብጥበት አካባቢ ማለት ነው። ዋናው ነገር እምቢታው ከርቀቱ ጋር እኩል አይጨምርም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን እምቢታው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እጀታው አጠገብ ያለ አንድ አውንስ እምብዛም አይሰማም። ጫፍ ላይ ያለ አንድ አውንስ ግን ክንድ ይጎትታል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። 29 ኢንች ሆኖ ድሮፕ 9 የሆነ ባት 20 አውንስ ነው። 32 ኢንች ሆኖ ድሮፕ 12 የሆነውም 20 አውንስ ነው። ሚዛኑ «እኩል ናቸው» ይላል። የ11 ዓመቷን ልጅ ጠይቋት፤ ረጅሙ ይከብዳል ትላችኋለች። እሷ ናት ልክ። ረጅሙ ክብደቱን ከእጇ አርቆ ይዞታል። ርዝመታቸውም ክብደታቸውም አንድ የሆኑ ሁለት ባቶች ራሱ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። አንዱን ፋብሪካው ክብደቱን ወደ እጀታው አስጠግቶ ሠርቶታል፤ ባላንስድ ይባላል። ሌላውን ሆን ብሎ ጫፉን አክብዶታል፤ ኤንድ ሎድድ ይሉታል። ሁለተኛው ግንድ መሰንጠቂያው መጥረቢያ ነው። ገና የተጫወተ ሰውም ይገባዋል፤ የገና ዱላ ቆልማማ ጫፉ ወፍራም ሲሆን እጅ ላይ የሚሰማው ስሜት ሌላ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሎይድ ስሚዝና የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ፊዚሲስት አላን ናታን ከባልደረባቸው ጋር ሆነው የሶፍትቦል ተጫዋቾችን ፈትነዋል። አንዳንዶቹ ባቶች ክብደታቸው አንድ ሆኖ የስዊንግ ክብደታቸው ይለያያል። ሌሎቹ ደግሞ የስዊንግ ክብደታቸው አንድ ሆኖ ሚዛን ላይ ይለያያሉ። የተጫዋቾቹን ፍጥነት የወሰነው የስዊንግ ክብደቱ እንጂ የሚዛኑ ቁጥር አልነበረም። በእርግጥ የተፈተኑት አዋቂ የስሎፒች ተጫዋቾች ናቸው። ስሎፒች ኳሱ በቀስታ ከፍ ብሎ የሚመጣበት ጨዋታ ነው፤ ልጆቻችን የሚጫወቱት ኳሱ በፍጥነት የሚወረወርበት ፋስትፒች ነው። ግን የመጥረቢያው ነገር ለሁለቱም ያው ነው።

እንግዲያው ቀላሉን መግዛት ነው የሚል ይኖራል። እሱም አይደለም። ትንሿን መጥረቢያ ለጎልማሳ ብትሰጡት በፍጥነት ያወርዳታል፤ ግን ግንዱ ላይ ትነጥርበታለች። መደበኛው 12 ኢንች ዙሪያ ያለው የሶፍትቦል ኳስ ከ6.25 እስከ 7 አውንስ ይመዝናል፤ እየመጣም ነው። በጣም ቀላል ባት ሲገጥመው ኳሱ ባቱን መልሶ ይገፋዋል። ጠንካራ የ16 ዓመት ልጅ ድሮፕ 12 ይዛ ስትመታ ያየሁት ይህንን ነው። ስዊንጓ ያማረ ነው፤ ኳሱ ግን ከሾርትስቶፕ (ቅርብ ከሚቆሙት ተከላካዮች አንዷ) አያልፍም።

ሆኖም ወደ አንዱ መሳሳት ግድ ከሆነ በትንንሾቹ ልጆች በኩል ወደ ቀላሉ ተሳሳቱ እላለሁ። ናታን ለቤዝቦል ያሰላውን ልንገራችሁ። ወርዋሪው ፍጥነቱን በሰዓት 1 ማይል ቢጨምር የተመታው ኳስ 0.2 ማይል ያህል ብቻ ይጨምራል። ባቱ 1 ማይል ቢጨምር ግን 1.2 ማይል ያህል ይጨምራል። ቁጥሩ ለሶፍትቦል እንዳለ አይወሰድም፤ ኳሱም ባቱም ይለያል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። የባቱ ፍጥነት ትልቁን ድርሻ ይይዛል።

የመጥረቢያው ምሳሌ የማይሠራበት ቦታም አለ፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ግንድ ቆሞ ይጠብቃል። ኳስ አይጠብቅም። በ12 ዓመትና ከዚያ በታች ምድብ ወርዋሪዋ የምትቆመው 40 ጫማ ላይ ነው፤ 12 ሜትር ገደማ። በሰዓት 50 ማይል ከወረወረች ኳሱ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅበት ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ልጅቷ ታያለች፣ ትወስናለች፣ ባቱን ታስነሳለች። ባቱ ለመነሳት ከዘገየባት የምትወስንበት ጊዜ ያጥራል። ኳሱ ሳይለቀቅ ገና በግምት መጀመር ይኖርባታል። ወላጅ «ልጄ ኳስ መምረጥ አትችልም» ይለኛል። ብዙ ጊዜ መምረጥ አቅቷት አይደለም። መምረጫ ጊዜዋን ባቱ ወስዶባት ነው።

አሁን ስለ «ታድግበታለች» እንነጋገር። ይህ የኛ ነው። ጫማ አንድ ቁጥር ጨምረን፣ ሹራብ እጅጌውን አጥፈን ያደግን ሰዎች ነን። ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ጥሩ ኮምፖዚት (ከካርቦን ፋይበር የተሠራ) ባት ከ300 ዶላር በላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይገባኛል። ግን የሰፋ ሹራብ የልጅን አካሄድ አይቀይርም። የከበደ ባት ስዊንጓን ይቀይራል። የኋላ ክርኗ ይወርዳል፣ የባቱ ወፍራም ክፍል ከእጆቿ በታች ይንጠለጠላል፣ ወገቧን ወደ ኋላ ትለጥጣለች። ይህ ልማድ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ባቱ ልኳ ሲሆን ልማዱ አብሯት ይቆያል። እሱን ማስጣል የእኔ የክረምት ሥራ ነው፤ ረጅም ሥራ ነው። ስለዚህ እባካችሁ የዘንድሮውን ለዘንድሮ ግዙ። ገንዘብ ካሳሰባችሁ ልኳ የሆነ የአልሙኒየም ባት ልኳ ካልሆነ ውድ ኮምፖዚት ይሻላታል።

ርዝመቱን ለመነሻ እንዲህ ለኩ። ባቱን ወፍራም ጫፉን መሬት አስነክታችሁ ከእግሯ ጎን አቁሙት። ክንዷን ስታወርድ የእጀታው ጫፍ መዳፏ መሃል አካባቢ ከደረሰ ጥሩ መነሻ ነው። ሱቅ ውስጥ የተለጠፈው የቁመትና የኪሎ ሠንጠረዥም መነሻ ነው፤ ከመነሻ አያልፍም። ክንድን ዘርግቶ ባቱን ለግማሽ ደቂቃ መያዝ የሚባለው ሙከራም አለ። የሚለካው የትከሻን ጽናት ነው። ቢሆንም ክብደቱ ወዴት እንዳለ ትንሽ ይጠቁማል፤ አልጠላውም። ብቻ በሱ ብቻ አትወስኑ።

እኔ የማምነው ሙከራ ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ፣ ልጅቷ ገና ትኩስ ሆና አይደለም። ልምምድ መጨረሻ ላይ፣ ስትደክም ነው። የጓደኛዋን ባት አስዋሷትና 15 ጊዜ ታወዛውዝ። በስልካችሁ ቀስ ብሎ በሚታየው ቪዲዮ ቅረጹ። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና የመጨረሻዎቹን ሦስት አስተያዩ። በመጨረሻዎቹ ላይ ባቱ ከእጆቿ በታች ከወረደ ከብዷታል። ቀኝ እጅ መቺ ሆና ኳሶቿ ሁሉ ወደ ቀኝ መስመር ውጪ የሚሾልኩ ከሆነም እየዘገየች ነው። ከሁለት ባቶች ጋር ብትሞክሩት ልዩነቱ ያለ አሠልጣኝ ይታያችኋል።

ሳትጠይቁኝ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ገንዘባችሁን ሲያስበላችሁ ስላየሁ ነው። የወንድሟን የቤዝቦል ባት አትስጧት። የሶፍትቦል ባት ወፍራሙ ክፍል ከ2¼ ኢንች እንዲበልጥ አይፈቀድም፤ የቤዝቦሉ 2⅝ ሊደርስ ይችላል። ዳኛው ያስወጣዋል። ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት ሊጋችሁ ባቱ ላይ እንዲኖር የሚቀበለውን የፈቃድ ማኅተም ጠይቁ። «ዩኤስኤ ሶፍትቦል» እና «ዩኤስኤስኤስኤ» የተለያዩ ድርጅቶች ማኅተሞች ናቸው። አንዱ ላይ የሚፈቀድ ባት ሌላው ላይ ሊከለከል ይችላል። ኮምፖዚት ከሆነ ደግሞ በብርድ አትምቱበት። የመጋቢት ጠዋት ላይ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ።

ያቺን እናት ባቱን መልሺ አልኳት። ላስቲኩን ስለቀደደችው ሱቁ አልመልስም አላት። ስለዚህ ለጊዜው የመጥረቢያውን ዘዴ ነው የተጠቀምነው። ልጅቷ እጆቿን ከእጀታው ጫፍ ሁለት ኢንች ከፍ አድርጋ እንድትጨብጥ አደረግኋት። ባቱ አንድ ግራም አልቀነሰም፤ ክብደቱ ግን ወደ እጇ ቀረበ። ሐሙስ ልምምድ ላይ አራተኛውን ኳስ በመሃል ሜዳ አሻግራ መታችው። ለጨዋታ ደግሞ የቡድኑን 29 ኢንች እያዋስናት ነው። የ33ቱን ባት ከሃይስኩል ቡድን ውስጥ የሚፈልግ ካለ ኮምፖዚት ነው፤ ምንም ጭረት የለውም፤ እናትየዋ በቅናሽ ትሸጠዋለች።