ሎው በጀት ሳይፋይ ምንድን ነው? የግድ መታየት ያለበትስ የቱ ነው?

ሳይፋይ (ሳይንስ ፊክሽን፣ ከሳይንስ ተነስቶ የሚፈጠር ልቦለድ ፊልም) ሲባል ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቶሎ የሚመጣው መንኮራኩር፣ ሌዘር፣ የሚፈራርስ ከተማ ምናምን ነው። ሎው በጀት ሳይፋይ የሚባለው ደግሞ ይሄን ሁሉ መግዛት የማይችል ሰው የሚሰራው ሳይፋይ ነው። ጥያቄው ትልቅ ነው፣ ጊዜ ምንድን ነው፣ እኔ በርግጥ እኔ ነኝ ወይ፣ ሰው ባይሞት ምን ይሆን ነበር የሚል፤ ኪሱ ግን የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ ኪስ ነው።

እዚህ ጋ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፣ ግን አያልቅም። አዳማ ላይ ፊልም የሚወዱ ልጆች መሃል ገብታችሁ ይሄን ብቻ ብትሉ አፍ አያስከፍቷችሁም። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ጁስ ይዘው ሲመሽ የሚነሱትም፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ለስድስት የሚያዩትም የሚጣሉበት ነገር አንድ ነው፦ ስንት ሲሆን ነው "ሎው" የሚባለው፣ ከነዛ ውስጥስ ሳያዩት ሳይፋይ እወዳለሁ ማለት የማይቻለው የትኛው ነው።

ከብሩ እንጀምር። በ2009 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) አቫታር በ237 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። በዛው ዓመት "ሙን" የሚባል፣ ጨረቃ ላይ ብቻውን የሚሰራ ሰውዬ ታሪክ፣ በ5 ሚሊዮን ገደማ ተሰራ፣ ተሽከርካሪዎቹን በኮምፒውተር ከመስራት ይልቅ ትንንሽ ሞዴል ሰርተው ነው የቀረጹት። ዲስትሪክት 9 ደግሞ 30 ሚሊዮን ነው። እንግዲህ 30 ሚሊዮን ዶላርን ሎው በጀት ነው የሚል ልጅ አይጠፋም፣ "ከአቫታር አንጻር እኮ ነው" ይላል፣ እሱ እንዲህ ባለ ቁጥር ሌላው ስልኩን አውጥቶ ወደ ብር መመንዘር ይጀምራል፣ ከመነዘረ በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ምንዛሪ ይሆንና ፊልሙን የሚያስታውሰው ይጠፋል።

እኔ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። የኔ መለኪያ ይቺ ናት፦ ለዳይሬክተሩ መቶ እጥፍ ብር ብትሰጡት ፊልሙ ይሻሻላል ወይስ ይበላሻል? የሚሻሻል ከሆነ ብር ያነሰው ፊልም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የሚበላሽ ከሆነ ግን እሱ ነው ሎው በጀት ሳይፋይ፣ ማለትም እጥረቱ ራሱ ፊልሙን የሰራው።

"ኪዩብ" ለዚህ ቀላሉ ምሳሌ ነው። 1997 ላይ ካናዳ የተሰራ ነው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ይነቃሉ፣ በሩን ሲከፍቱ ሌላ ተመሳሳይ ክፍል፣ እሱንም ሲከፍቱ ሌላ፣ አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ የሚገድል ወጥመድ አለ። ፊልሙን ስታዩ በሺዎች የሚቆጠር ክፍል ያለ ነው የሚመስላችሁ፣ እነሱ ግን የሰሩት በደንብ የተሟላ አንድ ክፍል ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው መብራት ላይ ቀለም ያለው ፕላስቲክ እየቀያየሩ ቀዩን ክፍል አረንጓዴ፣ አረንጓዴውን ሰማያዊ ያደርጉታል። አሁን ለዳይሬክተሩ 50 ሚሊዮን ዶላር ስጡት፣ ከኪዩቡ ውጪ ያለውን ዓለም ያሳያችኋል፣ አለቀ፣ ፍርሃቱ ሄደ።

"ኮሂረንስ" የሚባለውን ደግሞ የግድ ይታዩ የምላቸውን ፊልሞች ሊስቴን ያየ ሰው ሁሉ ለምን አንደኛ አደረግሽው ይለኛል። 2013 ነው የወጣው፣ 50 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ዳይሬክተሩ ጄምስ ዋርድ ባየርኪት ገዛ ቤቱ ውስጥ በአምስት ሌሊት ቀረጸው። ስምንት ጓደኛሞች እራት ሊበሉ ይሰበሰባሉ፣ በዛ ሌሊት ጅራታም ኮከብ በሰማይ ያልፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ከሰፈሩ አንድ ቤት ብቻ በርቶ ይታያል። (መብራት ሲጠፋ እነሱ ይደነግጣሉ እኛ ሻማ እንፈልጋለን፣ እሱን ተዉት።) ሁለቱ ወደበራው ቤት ሄደው ተመልሰው ሲመጡ ያዩትን ለመናገር አፋቸው ይያዛል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

የሚገርመው አሰራሩ ነው። ተዋንያኑ ሙሉ ስክሪፕት አልተሰጣቸውም። ለየአንዳንዳቸው በየቀኑ የራሳቸውን ገጸ ባህርይ የሚመለከት ማስታወሻ ብቻ ነው የሚሰጣቸው፣ ዛሬ ይሄን ታሪክ ታወራለህ፣ ዛሬ ይሄን ትደብቂያለሽ ዓይነት፣ ሌላው ምን እንደተባለ አያውቁም፣ ስለዚህ ፊታቸው ላይ የምታዩት ግራ መጋባት አብዛኛው የእውነት ነው። ከዛ ደግሞ ሲሰበር የሚያበራ የፕላስቲክ ዘንግ አለ አይደል፣ ልጆች ማታ የሚጫወቱበት፣ እነሱ ሰማያዊ ይዘዋል፣ ጨለማው ውስጥ ደግሞ ቀይ የያዘ ሰው ያያሉ። ያቺ ቀይ ዘንግ ዋጋዋ ምንም አይደለም፣ እኔን ግን ከየትኛውም የ200 ሚሊዮን ጭራቅ በላይ ነው ያስደነገጠችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጸብ፣ "ፕራይመር"። 2004፣ 7 ሺህ ዶላር ገደማ፣ በዛው ዓመት ሰንዳንስ የሚባለው የአሜሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን የዳኞች ሽልማት ወሰደ። ሼን ካሩዝ ሂሳብ የተማረ፣ ኢንጂነር የነበረ ሰው ነው፣ ጻፈው፣ ዳይሬክት አደረገው፣ ዋናውን ገጸ ባህርይ ተጫወተው፣ ኤዲት አደረገው፣ ሙዚቃውንም ራሱ ሰራው። ታሪኩ ጋራዥ ውስጥ ማሽን የሚገጣጥሙ ልጆች ነው፣ ከፍሪጅ ቱቦ ይፈታሉ፣ ከመኪና ጭስ ማውጫ ውድ ብረት ያወጣሉ፣ እና ሳያስቡት ጊዜን የሚያጥፍ ሳጥን ይሰራሉ። ሳጥኑ ደግሞ ቁልፍ ተጭነህ ዳይኖሰር ዘመን የምትገኝበት አይደለም፤ ስድስት ሰዓት ወደኋላ መሄድ ከፈለግክ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳጥኑ ውስጥ ተኝተህ መጠበቅ አለብህ። ይቺን ሀሳብ እወዳታለሁ። በጊዜ መጓዝ ፊልም ውስጥ እንደዚህ አሰልቺና እንደዚህ የሚታመን ሆኖ አላየሁም።

የዩኒቨርሲቲው ልጆች ለዚህ ፊልም ይሞቱለታል፣ ደብተር ላይ የጊዜ መስመሩን በሁለት ቀለም እስክሪብቶ እየሳሉ ማን መቼ ሳጥን ውስጥ እንደገባ ሲከራከሩ መስማት ራሱ ሌላ ፊልም ነው። ገጸ ባህርያቱ የሚያወሩት እንደ እውነተኛ ኢንጂነር ነው፣ ለተመልካች ብሎ የሚያብራራ የለም። እና ተቃዋሚዎቹ "ያልገባኝን ነገር ምርጥ ነው አልልም" ይላሉ፣ እውነት ለመናገር ክርክራቸው ውሃ ያነሳል። እኔ የግድ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ግን አንደኛ አላደርገውም፤ ሰው ሳይፋይ እንዲወድ ፈልጋችሁ በፕራይመር ብታስጀምሩት ሰውዬው ወደ ቱርክ ድራማው ይመለሳል።

ለመጀመሪያ የሚሆነው "ዘ ማን ፍሮም ኧርዝ" ነው፣ 2007። ስራ ለቆ ሊሄድ የተነሳ መምህር ባልደረቦቹ ሊሸኙት ቤቱ ይመጣሉ፣ እሱም እኔ 14 ሺህ ዓመት ኖሬያለሁ ይላቸዋል። በቃ። ከዛ በኋላ ወሬ ነው፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ይጠይቁታል፣ ይመልሳል፣ ይናደዳሉ፣ ይለሰልሳሉ። 200 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የወጣበት፣ አንድም ኢፌክት የለውም፣ እና ቡና ተፈልቶ ወሬ በሚደራበት ሀገር ላደገ ሰው ከዚህ የሚቀርብ ሳይፋይ የለም። በአማርኛ አንድ ሰው ከላይ እየተረከው ቢመጣ ራሱ አይሞትም፣ ፕራይመር ግን በትርጉም ከመጣ አለቀለት። ሌላው የሚገርመው ፊልሙ ዓለምን የዞረው ሰዎች በኢንተርኔት በነጻ እየተቀባበሉት ነው፣ ፕሮዲውሰሩም ከመክሰስ ይልቅ በአደባባይ አመሰገናቸው። እዚህም በፍላሽና በቴሌግራም ነው የደረሰን።

ቢ ሙቪ የሚባሉትን፣ ሻርክ በአውሎ ነፋስ ከሰማይ የሚዘንብበትን ምናምን፣ ለሳቅ የሚያይ ቡድን አለ፣ እነሱም ሊስቱ ውስጥ ይግባልን ይላሉ። አይገባም። በመለኪያዬ ብር ቢጨመርበትም ባይጨመርበትም ያው ነው። እዚህ ጋ ግን "ዳርክ ስታር"ን እለየዋለሁ፣ 1974፣ የጆን ካርፔንተር የመጀመሪያ ፊልም፣ 60 ሺህ ዶላር፣ መንኮራኩሩ ውስጥ ያለው የሌላ ዓለም ፍጡር በአየር የሚነፋ ኳስ ነው፣ እግር ተቀጥሎለት! አያስፈራም፣ ያስቃል፣ ግን አብሮት የጻፈው ዳን ኦባነን በኋላ ያንኑ ሀሳብ አስፈሪ አድርጎ "ኤሊየን"ን ጻፈ፣ 1979። ለታሪክ ሲባል ይታይ።

"ሞንስተርስ" ላይ ደግሞ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ጋሬዝ ኤድዋርድስ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሁለት ተዋንያንና ጥቂት ሰው ይዞ መካከለኛው አሜሪካ እየዞረ ቀረጸው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ተዋናይ አደረገው፣ ጭራቆቹንም የመንገድ ታፔላዎቹንም ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ራሱ ሰራቸው። ስራው ያስደንቃል። ግን ይሄ ፊልም ብር ቢኖረው ይሻሻል ነበር፣ ሰውዬውም ያውቀዋል፣ ለዛ ነው በ2014 የወጣውን ትልቅ የሆሊውድ ፊልም ጎድዚላን እንዲሰራ የሰጡት። የስራ ማመልከቻ ነው እንጂ የግድ አይደለም። በዚህ የሚሰድበኝ ሰው ብዙ ነው፣ ይስደበኝ።

እና የኛው "ክራምብስ"። 2015፣ ዳይሬክተሩ ሚጌል ያንሶ ስፔናዊ ነው፣ ፊልሙ ግን በአማርኛ ነው፣ እዚሁ ሀገር ነው የተቀረጸው፣ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው የሚሰሩበት። ዓለም ካለቀች በኋላ ነው፣ ሰማይ ላይ ለዘመናት የቆመ መንኮራኩር አለ፣ ሁለቱ የሚኖሩት የተተወ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ነው፣ ዛሬ የምንጥላቸው የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች የከበረ ዕቃ ሆነዋል፣ ማይክል ጆርዳን ይጸለይለታል። የዳሎል መሬት ምንም ሳይነካ ሌላ ፕላኔት ነው፣ የመቅረጫ ቦታ አይሰራለትም፣ ቀለም አይቀባም። አዳማ ላይ ይሄን ፊልም የጠላው ከወደደው ይበዛል፣ "ምንድን ነው ያየሁት" ነው የሚሉት፣ ተዋናይቷን ሰላምን ብለው ገብተው ሌላ ነገር ስላገኙ ይመስለኛል። ዳይሬክተሩ ፈረንጅ ስለሆነ የኛ አይባልም የሚለው ሌላው ክርክር ግን አይጥመኝም፣ 68 ደቂቃ ናት፣ እዩትና ከዛ እንጣላ። ከጎኑ የኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ "ፑምዚ" ትቀመጥ፣ 2009፣ 20 ደቂቃ አካባቢ፣ በውሃ ጦርነት ካለቀ ዓለም በኋላ ሰው ላቡን እያጣራ የሚጠጣበት። ናይጄሪያ ካዱና ያሉት ክሪቲክስ የሚባሉ ልጆች ደግሞ በተሰነጠቀ ስልክ ነው አጫጭር ሳይፋይ የጀመሩት፣ መብራት እየጠፋባቸው ኢፌክት እየሰሩ።

ይሄን የማነሳው አለምክንያት አይደለም። በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስትገቡ ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን የንፋስ ተርባይኖች አስቡ፣ በሁለቱ ፕሮጀክት 136 ናቸው። ማታ አናታቸው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል። የፈረንሳዩ ዳይሬክተር ጎዳር በ1965 "አልፋቪል"ን ሲሰራ የወደፊቱን ከተማ አልገነባም፣ የዛን ጊዜውን ፓሪስ በሌሊት ቀረጸውና ይሄ ሌላ ጋላክሲ ነው አለ፣ ሰው አመነው። እኛ ጋ ተርባይኖቹ በነጻ ቆመውልን፣ እስካሁን በብዛት የምናያቸው ፊታቸው ሙሽሮች ቆመው ነው።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ መጀመሪያ ማን ፍሮም ኧርዝ፣ ከዛ ኪዩብ፣ ኮሂረንስን ማታ፣ ክራምብስን ከማያፌዝ ሰው ጋር። "ላ ዤቴ"ን መሃል ላይ አስገቡት፣ የ1962 የፈረንሳይ ነው፣ ከአንድ አፍታ በስተቀር ሙሉው የቆመ ፎቶ ነው ከላይ ተራኪ ያለው፣ በሬዲዮ ትረካ ላደግን ሰዎች አይከብድም፣ 28 ደቂቃ ነው። ፕራይመርን መጨረሻ ላይ፣ እሱንም ብቻችሁን አይደለም፣ አጠገባችሁ ቢያንስ አንድ የኤሌክትሪካል ተማሪ ይኑር፣ እስክሪብቶ ይዞ።