ያው መኪና፣ ሌላ ምድብ

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነበረውን የአሜሪካ ድራግ ሬስ ውጤት ለሚያነብ ሰው ግራ የሚያጋባው የምድብ አሰጣጡ ነው። ሩጫው ራሱ ቀላል ነው፤ ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነስተው 402 ሜትር ይበራሉ። ግን ማን ከማን ጋር ይግጠም?

ለፋብሪካ ሥሪት መኪኖች መልሱ ሒሳብ ነበር። የመኪናው ክብደት በፓውንድ ተወስዶ ለሞተሩ የፈረስ ጉልበት ይካፈላል። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር መኪናው ከፈጣኖቹ ጋር ይመደባል። 3,350 ፓውንድ የሚመዝን መኪና 335 የፈረስ ጉልበት ካለው ውጤቱ 10 ነው። ጉልበቱ 400 ቢሆን ግን ወደ 8.4 ይወርድና ከኃይለኞቹ ጋር ይፋጠጣል።

ጨዋታው እዚህ ላይ ነው። የጉልበቱን ቁጥር የሚያሳውቀው ራሱ አምራቹ ነበር! ስለዚህ ዝቅ አድርጎ መናገር ያዋጣል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣውን 428 ኮብራ ጄት የተባለ ሞተር 335 የፈረስ ጉልበት ነው ብሎ አሳወቀ። ትክክለኛው ጉልበት ግን ከዚያ በደንብ ይበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ፖሞና ላይ አል ጆኒየክ የተባለ ተወዳዳሪ ይህ ሞተር በተገጠመለት የፎርድ ማስታንግ፣ ሱፐር ስቶክ የተባለውን የፋብሪካ ሥሪት መኪኖች ውድድር አሸነፈ። ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ብልጠት ነው።

የውድድሩ አዘጋጅ ድርጅት ኤንኤችአርኤ (NHRA) ግን ዝም አላለም። የፋብሪካው ቁጥር ካላሳመነው በራሱ ቁጥር ይተካው ነበር። ስለዚህ አንድ ቡሎን እንኳ ሳይፈታ የመኪናው ምድብ በወረቀት ብቻ ሊቀየር ይችላል።