ሰዘርን አሊያንስ፦ ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ የኖረው ሊግ

ሰዘርን አሊያንስ በለንደንና በዙሪያዋ የነበሩ ሰባት አማተር ክለቦች የተወዳደሩበት የእግር ኳስ ሊግ ነው። የተጀመረው በ1892 ነው። በቀጣዩ ዓመት በ1893 ውድድሩ ሲያበቃ ሊጉም አብሮ አበቃ። ሁሉም ጨዋታዎች እንኳ ተጫውተው አላለቁም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ያለ ሊግ ማን ያስታውሰዋል? እውነቱን ለመናገር፣ ከሰባቱ አንዱ ቶተንሃም ሆትስፐር ባይሆን ኖሮ የሚያነሳው ሰው አይኖርም ነበር። ስፐርስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊግ የተጫወተው እዚህ ነው። ቅዳሜ ማታ ካፌ ተቀምጦ በስፐርስና በአርሰናል ጉዳይ የሚጨቃጨቅ ሰው፣ የጭቅጭቁ ሥር እዚህ ድረስ እንደሚሄድ ላያውቅ ይችላል። የሊጉን አመጣጥ ስንከተል መጀመሪያ የምናገኘው አርሰናልን ነውና።

ነገሩ ከሰሜን ይጀምራል። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን የፈቀደው በ1885 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1888 ፉትቦል ሊግ ተመሠረተ። መሥራቾቹ 12 ክለቦች ናቸው፤ ግማሾቹ ከላንካሻየር፣ ግማሾቹ ከሚድላንድስ። ከለንደን አንድም የለም። የፋብሪካ ከተሞቹ ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው ይከፍሉ ነበር። ደመወዝ ለመክፈል ደግሞ ተመልካች በየሳምንቱ መግባት አለበት። ተመልካች እንዲገባ፣ በቀኑ የሚካሄድ የማይሰረዝ ጨዋታ ያስፈልጋል። ሊግ የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

ለንደን ሌላ ዓለም ነበረች። የከተማዋ የኳስ ማኅበር አለቆች ኳስ በገንዘብ መጫወትን እንደ ነውር ያዩት ነበር። ለእነሱ ኳስ የጨዋ ሰው መዝናኛ ነው። ቢሮ ውሎ፣ ወይ ትምህርት ቤት አስተምሮ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጫማ ቀይሮ የሚገባበት። ክለቦቹ የዓመቱን ጊዜ የሚሞሉት በወዳጅነት ጨዋታና በጥሎ ማለፍ ውድድር ነበር። የወዳጅነት ጨዋታ ችግሩ ግልጽ ነው። ተጋጣሚው ስምንት ሰው ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ከደረሰበት ደግሞ የወዳጅነቱ ቀጠሮ ወዲያው ይሰረዛል።

ይህን ፀጥታ መጀመሪያ የረበሸው ሮያል አርሰናል ነው። ክለቡ የዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ነበር። በ1891 ፕሮፌሽናል ለመሆን ወሰነ። የለንደን ማኅበር አልታገሠውም፤ ከውድድሮቹ አስወጣው። የሚጫወትበት ያጣው አርሰናል ታዲያ የደቡብ ክለቦችን ሰብስቦ የሰሜኑን የመሰለ ሊግ ለማቋቋም ተነሳ። በ1892 ስብሰባ ተጠራ። ብዙ ክለቦች አመለከቱ፤ ማን ይግባ የሚለው በድምፅ ተወሰነ። ስፐርስም አመልክቶ ነበር። ያገኘው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ያቺን አንዷን ራሱ ሰጥቶ ይሆን እያሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ይቀልዳሉ።

ያ የአርሰናል ሊግ ግን ከወረቀት አላለፈም። የተመረጡት ክለቦች ከማኅበሩ ጋር መጋጨት ፈርተው ሳያስጀምሩት ቀሩ። አርሰናልም ተስፋ ቆርጦ በ1893 ወደ ሰሜኑ ፉትቦል ሊግ ሁለተኛ ምድብ ገባ። ከደቡብ እዚያ የገባ የመጀመሪያው ክለብ እሱ ነው።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ማንም የማይከፈልበት፣ ማኅበሩን የማያስቆጣ አነስ ያለ ሊግ ቢሆንስ? ሰዘርን አሊያንስ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ሰባቱ ክለቦች ኦልድ ሴንት ስቲቨንስ፣ ኢሪዝ፣ ቶተንሃም ሆትስፐር፣ ፖሊቴክኒክ፣ ስላው፣ ዊንዘር ኤንድ ኢተን እና አፕተን ፓርክ ናቸው።

ዝርዝሩን ላየው ሰው ቅልቅሉ ያስገርማል። ፖሊቴክኒክ በመሀል ለንደን ሪጀንት ጎዳና ላይ ያለው ተቋም ቡድን ነው። ተቋሙን ለሠራተኛ ወጣቶች ያቋቋመው ክዊንተን ሆግ የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ ሲሆን፣ ሰውየው ራሱ ኳስ ተጫዋች ነበር። ኢሪዝ ከቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ከኬንት ነው። ስላውና ዊንዘር ከለንደን በስተምዕራብ ናቸው። ዊንዘር ኤንድ ኢተን ገና በዚያው በ1892 የተመሠረተ ጨቅላ ክለብ ነበር።

የሁሉም አንጋፋ አፕተን ፓርክ ነው። ስለ እሱ አንድ ነገር ካልነገርኩ አይሆንልኝም። በ1884 በኤፍኤ ካፕ ከሰሜኑ ክለብ ከፕሪስተን ጋር ተጫውቶ አቻ ከወጣ በኋላ፣ «ተጋጣሚያችን ተጫዋቾቹን በገንዘብ ነው ያመጣው» ብሎ ከሰሰ። የፕሪስተን ኃላፊ ዊልያም ሱዴል አልካደም፤ ሁሉም እንደሚያደርገው እናደርጋለን አለ። ፕሪስተን ከውድድሩ ተባረረ። ግን ክሱ ያስነሳው አቧራ አልበረደም። የሰሜን ክለቦች እንገነጠላለን ብለው ስላስፈራሩ ማኅበሩ በዓመቱ ክፍያን ለመፍቀድ ተገደደ። አማተርነትን ለማስከበር የተከፈተ ክስ ለፕሮፌሽናሎች በር ከፈተላቸው። አፕተን ፓርክ ራሱ በ1887 ፈርሶ በ1891 እንደገና ተቋቁሞ ነው ወደ አሊያንስ የመጣው።

ስፐርስስ? በ1882 አንድ የክሪኬት ክለብ ልጆች የመሠረቱት የሰፈር ቡድን ነው። ልጆቹ የሰንበት ትምህርት የሚያስተምራቸውን ጆን ሪፕሸርን ፕሬዚዳንት አደረጉ። ስሙ መጀመሪያ ሆትስፐር ብቻ ነበር። ሌላ ለንደን ሆትስፐር የሚባል ክለብ ስላለ ግን የዚያኛው ደብዳቤ እየተሳሳተ እነሱ ጋ ይመጣ ጀመር። ለፖስተኛው ሲባል በ1884 የሰፈራቸውን ስም ቶተንሃምን ጨመሩበት። መጀመሪያ የሚጫወቱት ወንዝ አጠገብ ባለ የሕዝብ ሜዳ ላይ ነው። እዚያ መግቢያ ማስከፈል አይቻልም። ቀድመው መስመር ያሰመሩበትን ቦታ ሌላ ቡድን መጥቶ ሊይዝባቸውም ይችላል። የሰፈር ሜዳ ላይ ያደገ ሰው ይሄን ጠብ በደንብ ያውቀዋል። በ1888 ኖርዘምበርላንድ ፓርክ የሚባል ሜዳ በዓመት 17 ፓውንድ ተከራዩና የራሳቸው አጥር ኖራቸው። ልብስ የሚቀይሩት ግን አጠገቡ ባለ መጠጥ ቤት ነበር።

በአሊያንሱ ዘመን የተጫወቱበት ማልያ ደግሞ ቀይ ነው። አዎ፣ ቀይ ማልያና ሰማያዊ ቁምጣ። ነጩ የመጣው በ1898 ነው። ለዛሬ የስፐርስ ደጋፊ የሚዋጥ ዜና አይደለም።

እስቲ ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱን በዓይነ ህሊና እንይ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሠራተኛው ግማሽ ቀን ሠርቶ ወጥቷል። መብራት የለም፤ ስለዚህ ጨዋታው ሳይመሽ ማለቅ አለበት። ብዙ ነገር ለተጫዋቹም ለተመልካቹም አዲስ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት በሕጉ የገባው ከአንድ ዓመት በፊት በ1891 ነው። የምቱ ነጥብ ገና አልተፈጠረም፤ መቺው ከጎሉ 12 ያርድ ርቆ በተሰመረው መስመር ላይ በፈለገው ቦታ ኳሷን ያስቀምጣል። ዳኛው ከሜዳ ውጪ ቆሞ ክርክር ሲነሳ ብቻ መጠየቁ ቀርቶ፣ ፊሽካ ይዞ መሀል ሜዳ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። እስከዚያ ሜዳ ውስጥ ሆነው ይዳኙ የነበሩት ሁለቱ አጫዋቾች መስመር ዳኛ ሆነው ወደ ዳር ወጡ። የጎል መረብም ገና ብርቅ ነበር። በረኛው ደግሞ ከጎሉ ርቆ በራሱ ግማሽ ሜዳ ውስጥ ባለ ቦታ ሁሉ ኳስ በእጁ መንካት ይችላል። ለማሸነፍ ሁለት ነጥብ፣ ለአቻ አንድ።

ሻምፒዮን የሆነው ኦልድ ሴንት ስቲቨንስ ነው። ኢሪዝ ሁለተኛ፣ ስፐርስ ሦስተኛ ወጡ። ስፐርስ 12 ጨዋታ ተጫውቶ ሰባቱን አሸነፈ፣ በሁለቱ አቻ ወጣ፣ በሦስቱ ተሸነፈ። 29 አግብቶ 21 ገብቶበት 16 ነጥብ ያዘ። ሰባት ክለብ ደርሶ መልስ ሲጫወት ለእያንዳንዱ 12 ጨዋታ ነው የሚደርሰው። ስፐርስ ድርሻውን ጨርሷል። ሌሎቹ ሁሉም አልጨረሱም።

እኔ እንደማየው ሊጉን የገደለው ይሄ ነው። ሊግ ማለት ቀጠሮ ማክበር ነው። አማተር ክለብ ደግሞ ማንንም ማስገደድ አይችልም። ተጫዋቹ ደመወዝ የለውም፤ ሥራ ከያዘው ይቀራል፣ ሌላ ክለብ ከጠራው ይሄዳል። ለክለቦቹም ቢሆን ክብር ያለው ዋንጫ ላይ ነበር። በአንድ ቀን የዋንጫና የሊግ ጨዋታ ከተገናኙ የሚቀረው የሊጉ ነው። ከሰሜን የተቀዱት ሰንጠረዡና ነጥቡ ናቸው። ተጫዋቹን በየሳምንቱ የሚያመጣው ደመወዝ አልተቀዳም። አሊያንሱ ለሁለተኛ ዓመት አልተጠራም።

አማተርነቱ ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ የሆነው በ1893 ጥቅምት፣ ሊጉ ከፈረሰ በኋላ ነው። ኧርኒ ፔይን የሚባል የፉልሃም ተጫዋች ነበር። ፉልሃም ለሳምንታት አላሰለፈውም። ስፐርስ በለንደን ዋንጫ ከኦልድ ሴንት ማርክስ ጋር ጨዋታ ነበረውና እንዲጫወትለት ጠየቀው። ፔይን ትጥቁን ሊወስድ ፉልሃም ቢሄድ የለም። ባዶ እጁን ቶተንሃም ደረሰ። ማልያና ቁምጣ ተገኘለት፤ በእግሩ ልክ የሆነ ታኬታ ግን ጠፋ። ክለቡ 10 ሽልንግ አውጥቶ «ሂድና ግዛ» አለው። ገዝቶ ተጫወተ።

ፉልሃም ይሄን ሲሰማ ክስ መሠረተ፤ ተጫዋቻችንን አባብለው ወሰዱ፣ ገንዘብም ሰጡት ብሎ። ስፐርስ ታኬታው የክለቡ ንብረት ነው፣ ለልጁ አልሰጠነውም ብሎ ተከራከረ። የለንደን ማኅበር ተጫዋች በማስኮብለሉ ጥፋተኛ አላደረገውም። በታኬታው ግን አልማረውም፤ 10 ሽልንጓ ማባበያ ናት ተባለ። ስፐርስ ለሁለት ሳምንት፣ ፔይን ለአንድ ሳምንት ታገዱ። ለአንድ ጥንድ ታኬታ!

ቅጣቱ ያሰበውን አላመጣም። ጋዜጦች ወሬውን አራገቡት፤ ስፐርስን የማያውቅ ሁሉ አወቀው። ክለቡ በታኅሣሥ 1895 ፕሮፌሽናል ለመሆን ወሰነ። እስከዚያ ድረስ የደቡብ ሊግ ሐሳብ ሚልዎል በተባለው የለንደን ክለብ መሪነት እንደገና ተነስቶ፣ በ1894 ሰዘርን ሊግ የሚባለው እውነተኛው ሊግ ተጀምሮ ነበር። ይሄኛው ለፕሮፌሽናሎችም ለአማተሮችም ክፍት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ራሱ ሚልዎል ወሰደ። ሊጉ ዛሬም አለ።

ስፐርስ በ1896 ሰዘርን ሊግ ገባ። በ1900 ሻምፒዮን ሆነ። በ1901 ደግሞ ፉትቦል ሊግ ውስጥ ሳይኖር ኤፍኤ ካፕን በላ። ለፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ክሪስታል ፓላስ ሜዳ ላይ ከ110 ሺህ በላይ ሕዝብ ወጥቶ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር 2 ለ 2 ተለያዩ፤ በድጋሚው ስፐርስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ፉትቦል ሊግ ከተመሠረተ ወዲህ ከሊጉ ውጪ ሆኖ ይህን ዋንጫ ያነሳ ሌላ ክለብ የለም።

የአሊያንሱ ሻምፒዮን ኦልድ ሴንት ስቲቨንስ በ1894 ሰዘርን ሊግ ሁለተኛ ምድብ ላይ ጀመረ።  ዊንዘር ኤንድ ኢተን ረጅም ዕድሜ ኖሮ በ2011 ፈረሰ።

አፕተን ፓርክ ግን አንድ የመጨረሻ ቀን ነበረው። በ1900 የፓሪስ ኦሎምፒክ እግር ኳስ ሲካሄድ ብሪታንያን ወክሎ የሄደው እሱ ነው። መስከረም 20 ቀን በቫንሴን የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ላይ የፈረንሳዮቹን ቡድን 4 ለ 0 አሸነፈ። የኦሎምፒክ መዝገብ ላይ አሸናፊ ተብሎ የተጻፈው፣ አማተር ሆኖ የቀረው ይሄ ክለብ ነው።