ጸራቢው ዮሴፍና የባለሙያ ሰው ተዝካር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ሐምሌ 26 የአረጋዊው ዮሴፍ ዕረፍት ነው። ዕለቱ የከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማም መታሰቢያ ስለሆነ፣ የዮሴፍ ስም በስንክሳሩ (የየዕለቱ የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ) ንባብ መካከል ተሰምቶ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። እሱም ቢሆን የሚቀየም አይመስልም። በአራቱ ወንጌላት ውስጥ ከአንደበቱ የወጣ አንድም ንግግር አልተጻፈለትም። መልአክ በሕልም ይነግረዋል፣ ይነሣል፣ ያደርጋል፤ በቃ።

ናዝሬቶች በጌታ ሲሰናከሉ ያሉትን አስቡ፤ «ይህ የጸራቢ ልጅ አይደለምን?» (ማቴ 13፥55)። ንቀት ነው። ጸራቢ ማለት እንጨቱንም ድንጋዩንም ጠርቦ ቅርጽ የሚያወጣ፣ ዛሬ አናጢም ድንጋይ ጠራቢም የምንለው ባለ እጅ ነው። ይኸው ወንጌል በምዕራፍ አንድ ላይ መልአኩን «የዳዊት ልጅ ዮሴፍ ሆይ» ሲያሰኘው እናነባለን። መልአኩ በንጉሥ ዘር ጠራው፣ ጎረቤት በመዶሻው ጠራው። ማቴዎስ ሁለተኛውን ደብቆ የመጀመሪያውን ብቻ መጻፍ ይችል ነበር፤ አልደበቀውም። ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ ጻድቁ ጸራቢ እያለች ትጠራዋለች።

እኛስ? ባለ እጁን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ፣ ቁጢት በጣሽ ስንል የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ እንዲቀር እስከ ማወጅ የደረሱት ያለ ነገር አይደለም። በጸራቢ እጅ ያደገውን አምላክ እያመለኩ ጸራቢን መናቅ ምን ይሉታል? ዛሬ ስድቡ ቀንሶ ይሆናል። አናጢው ሲሞት ግን «ወይ እጅ! ወይ ሙያ!» እያለ ከሚያለቅሰው መካከል የሠራለትን የበር ቀሪ ሂሳብ ያልከፈለ አለ። ያዕቆብ በመልእክቱ «የሠራተኞች ደመወዝ በእናንተ ተቀምቶ ይጮኻል» ያለው ለእንዲህ ያለው ነው። ቀባሪ መሆን ዕዳ አይሰርዝም።

ዮሴፍ የቤት ሰውም ነበር። በአባቶች ትውፊት ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆች ያሳደገ ሽማግሌ ሳለ ነው እመቤታችንን እንዲጠብቅ የተመረጠው። ድህነቱን ከመሥዋዕቱ እናውቃለን። የኦሪት ሕግ ለወላድ የአንድ ዓመት ጠቦት ያዝዛል፣ አቅም ያጣች ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ታቅርብ ይላል (ዘሌ 12፥8)፤ ሉቃስ የጻፈልን ወፎቹን ነው። ልጁ በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም ሲቀር የአንድ ቀን መንገድ ተመልሶ ከእናቱ ጋር ፈለገው፣ ከሦስት ቀንም በኋላ አገኙት። ያን ጊዜ እንኳ የተናገረችው እሷ ናት፤ «አባትህና እኔ እየተጨነቅን ስንፈልግህ ነበርን»። ዝም ብሎ የተጨነቀ አባት ብዙ ነው፤ በየቤቱ አለ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ከቤታችሁ ሲያርፍ ምን ታደርጋላችሁ? በየቦታው የሚታየው ያሳዝናል። ቀብሩ እንዳለቀ ወሬው የ40 ቀን ድግስ ይሆናል። ድንኳን፣ በሬ፣ ጠላ፤ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ብድር። ሣልስቱ፣ 7ኛው፣ 12ኛው፣ 30ኛው ሳይታሰብ ያልፋል፣ ሁሉም 40 ላይ ይከመራል፣ ለ80ውና ለሙት ዓመቱ ጧፍ መግዣ ይጠፋል። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ጸሎተ ፍትሐት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ለመገበሪያ ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍ፤ ከዚያ የተረፈው ለነዳያን። ጌታ ግብዣ ስታደርግ ድሆችን ጥራ አለ እንጂ የዕድሩን ሹማምንት ፊት ለፊት አስቀምጥ አላለም።

ነቢዩ ኤልሳዕ ባሏ ዕዳ ጥሎባት ለሞተ መበለት የነገራትን ቅደም ተከተል አስተውሉ (2ኛ ነገ 4፥7)። በቤቷ የነበረው ጥቂት ዘይት በተአምር በዝቶ ዕቃው ሁሉ ሲሞላ፣ መጀመሪያ ሽጠሽ ለባለ ዕዳ ክፈዪ፣ ከተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ። ድግስ የሚባል ነገር በመካከል የለም። ባለ ዕዳው ሁለቱን ልጆቿን ለባርነት ሊወስድ በር ላይ ቆሞ ነበርና።

በባለ እጅ ቤት ዕዳው የተደበቀው ቀብድ ውስጥ ነው። አናጢ ለእንጨት መግዣ ቀብድ ይቀበላል፤ የሚጻፈውም በደብተር፣ አንዳንዴም ግድግዳ ላይ በእርሳስ ነው። ስለዚህ ሣልስቱ ሳያልፍ ደብተሩን ፈልጉ፣ የግድግዳውን ጽሑፍ ቀለም ሳይቀባ ገልብጡ፣ ረዳቱን ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። የማን ሥራ ተጀመረ? ስንት ተቀበለ? ስንት ቀረው? ዕቁቡስ? ዕጣው ወጥቶለት ከሆነ ቀሪው መዋጮ ዕዳ ነው፣ ካልወጣለት የጣለው የልጆቹ ገንዘብ ነው። የረዳቱ የቀን ሂሳብ ደግሞ ከሁሉ ይቅደም፤ የኦሪት ሕግ ፀሐይ ሳትገባ ክፈለው የሚለው ለእሱ ነው።

የተጀመረውን ሥራ በተመለከተ፣ ለአንድ በር ተለክቶ የተቆረጠ እንጨት ለሌላ በር አይሆንም። ጣውላውን ሸጦ ቀብዱን ለመመለስ ከመሮጥ ረዳቱ በሌላ አናጢ ተቆጣጣሪነት ይጨርሰው፣ የሠሩበት ከቀሪው ሂሳብ ይከፈል። «ለ40ው ይድረስ» ብላችሁ ግን አታጣድፉት። ያልደረቀ እንጨት ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ በሩ አልገጥም ይላል፤ ባለቤቱም የሚረግመው ሟቹን ነው። ስንት ዓመት የተጠበቀ ስም በአንድ እርጥብ ጣውላ ይጠፋል።

መሣሪያውንም በሐዘን ሰሞን አታውሱ፣ አትሽጡም። «ለአንድ ቀን» ተብሎ የሄደ መላጊያ አይመለስም። የመጋዙን፣ የመሮውንና የመላጊያውን ብረት ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጉ፣ መላጊያውን ምላጩ እንዳይነካ በጎኑ አስተኙት። ወንድ ይሁን ሴት፣ ከልጆቹ አንዱ እጁ ወደዚያ ያደላ እንደሆነ ከዓመት በኋላ ታውቁታላችሁ። ጌታስ «ጸራቢው» የተባለው (ማር 6፥3) ከማን ቤት ወጥቶ ነው?

እህቴ፣ ባልሽ ያረፈብሽ፣ ድግሱ ስላነሰ የሚያማሽን ተዪው። ስንክሳሩ እንደሚነግረን ዮሴፍ በ111 ዓመቱ ሲያርፍ ጌታ በአጠገቡ ነበር፣ እጁንም በዓይኖቹ ላይ አኖረ። ስለ ድግስ የተጻፈ የለም። ያንቺም ሰው ዓይኑ ሲከደን ብቻውን አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ አትርሺ። ፍትሐቱም በቅዳሴ የሚነሣውም የክርስትና ስሙ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አናጢው፣ አናጢው ሲለው ስለኖረ ቤተሰቡ እንኳ የማያውቀው ጊዜ አለ፤ ካህኑ ሲጠይቅ ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል። የንስሐ አባቱን ቀድመሽ ጠይቂ፣ በወረቀት ጽፈሽ ከጧፉ ጋር ስጪ።